ንጉሡ በገዛ ዘዬው ሲናገር

«ብላክ ፓንተር» በተባለው ፊልም ንጉሥ ቲቻላን የተጫወተው አሜሪካዊው ተዋናይ ቻድዊክ ቦዝማን እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2020፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 22 ቀን 2012፣ ባለቤቱና ቤተሰቡ አጠገቡ ሆነው በመኖሪያ ቤቱ አረፈ። ዕድሜው 43 ነበር። ቤተሰቡ በትዊተር ገጹ ላይ ያወጣው መርዶ ያን ያህል ያስደነገጠው መሞቱን ስላረዳ ብቻ አልነበረም፤ ለአራት ዓመታት የአንጀት ካንሰር ታማሚ እንደነበረና ስሙ የገነነባቸውን ፊልሞች የሠራው በቀዶ ሕክምናና በኬሞቴራፒ መካከል እንደሆነ ዓለም የሰማው ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚነገረው ይኸው፣ ሕመሙን ችሎ የሠራ ጀግና መሆኑ ነው። እኔም በሐዘኑ ሰሞን ከዚህ ሌላ ማሰብ አልቻልኩም ነበር። ቆይቼ ሥራዎቹን ከመጀመሪያው አንሥቼ በቅደም ተከተል ሳያቸው ግን ይህን ሰው ትልቅ ያደረገው የታመመበት ዘመን ብቻ እንዳልሆነ እየታየኝ መጣ። ገና ማንም ሳያውቀው፣ ገና ጤነኛ ሳለ፣ አጥብቆ የያዘው ነገር ነበረው፤ የሚጫወተው ሰው የማን ልጅ እንደሆነና ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ሥራ አይጀምርም ነበር። ትቶልን ከሄደው ሁሉ ይህ ጥያቄ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

የተወለደው በ1976 በደቡብ ካሮላይና ግዛት አንደርሰን በምትባል ከተማ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እናቱ ነርስ ነበሩ፤ አባቱ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እየሠሩ በጎን የሶፋና የወንበር ልብስ ይሠሩ ነበር። ከሦስት ወንድማማቾች የመጨረሻው እሱ ሲሆን፣ አንደኛው ወንድሙ ሰባኪ፣ ሌላኛው ዳንሰኛ ሆነዋል። ሁለቱንም ሙያዎች በቻድዊክ ውስጥ ያገኘኋቸው ይመስለኛል፤ በሕዝብ ፊት ሲናገር ሰባኪነቱ፣ በካሜራ ፊት ሲራመድ ደግሞ የዳንሰኛ ወንድም መሆኑ ያስታውቃል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። አብሮት ይጫወት የነበረ ልጅ በጥይት ሲገደል ሐዘኑን የተወጣው ተውኔት ጽፎ በትምህርት ቤቱ መድረክ ላይ በማሳየት ነበር። ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህንን ነው፤ ቻድዊክ በመጀመሪያ ጸሐፊ ነበር። ዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የገባውም ዝግጅት (ዳይሬክተርነት) ለመማር ሲሆን፣ ወደ ትወና የሳበው ተዋናይን የሚመራ ሰው የተዋናይን ሥራ ሊያውቅ ይገባል የሚለው ሐሳቡ ነበር። በኋላ የሰጡትን ጽሑፍ ዝም ብሎ የማይቀበል ተዋናይ የሆነው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ራሱ ጸሐፊ ስለሆነ በጽሑፉ ውስጥ የጎደለው ምን እንደሆነ ይታየው ነበር።

ሃዋርድ ለእኛ ባዕድ ስም አይደለም። በፋሺስት ወረራ ዘመን የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው በጥቁር አሜሪካውያን መካከል ሲሟገቱ የኖሩት ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ለረጅም ዘመን ሲኒማ ያስተማሩት እዚያው ሲሆን፣ ከባለቤታቸው ጋር ያቋቋሙት የመጻሕፍትና የፊልም መደብርም ከግቢው ፊት ለፊት በጆርጂያ ጎዳና ላይ ይገኛል። ከዚያ ወረድ ሲሉ ደግሞ በዩ ጎዳናና በ9ኛው ጎዳና ዙሪያ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። በዋሽንግተን የምንኖር ሰዎች በየዕለቱ የምናልፍበት መንገድ ነውና፣ ያ ቀጭን የደቡብ ካሮላይና ልጅ መጻሕፍቱን ይዞ በዚያው ሲመላለስ መኖሩን ሳስብ ቅርበት ይሰማኛል።

ከመምህራኑ አንዷ ተዋናይት ፊሊሺያ ራሻድ ነበረች። ቻድዊክና ጥቂት የክፍል ጓደኞቹ በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ለሚሰጥ የክረምት የትወና ትምህርት ተመርጠው የሚከፍሉት ሲያጡ፣ እሷ ወዳጆቿን አስተባብራ ገንዘቡን አስገኘችላቸው። ቻድዊክ የእሱን ወጪ የሸፈነው ዝነኛው ተዋናይ ዴንዘል ዋሽንግተን መሆኑን ያወቀው ትምህርቱን ጨርሶ ከተመለሰ በኋላ ነው። ለብዙ ዓመታት ይህን በአደባባይ አልተናገረም። በ2019 ዴንዘል በተከበረበት ምሽት ግን መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ያለ እሱ «ብላክ ፓንተር» የሚባል ፊልም አይኖርም ነበር ብሎ መሰከረ። ውለታን በልብ ይዞ ኖሮ በሚገባው ሰዓትና በሚገባው ሰው ፊት ማውጣት የአስተዳደግ ነገር ነው፤ ይህን ሳይ ሁልጊዜ የማስበው አንደርሰን ያሉትን ወላጆቹን ነው።

ከሃዋርድ ከተመረቀ በኋላ ኒውዮርክ ተቀምጦ ተውኔት ይጽፍ፣ ሃርለም ውስጥ ለታዳጊዎች ድራማ ያስተምር ነበር። በ2005 ቺካጎ ውስጥ የታየለት ተውኔት የተነሣው አብሮት ሃዋርድ የተማረ አንድ ወጣት በፖሊስ ጥይት ከመገደሉ ነው። በመካከሉ፣ በ2003፣ «ኦል ማይ ቺልድረን» በተባለ የቀን ተከታታይ ድራማ ላይ ሥራ አገኘ። ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው ገንዘብ ነበር። ሁለተኛው ጽሑፍ ሲደርሰው ግን የሚጫወተው ልጅ ጥቁር ወጣት በተነሣ ቁጥር ከሚሳለው የወሮበላ ሥዕል የተለየ እንዳልሆነ አየ። አዘጋጆቹ ደስ እንዳሰኛቸው ሲነግሩትና የሚሻው ነገር ካለ እንዲናገር ሲጋብዙት፣ የዚህ ልጅ አባት የት ነው፣ እናቱስ ምን ሆነች ብሎ ጠየቀ። አባትየው ጥሎ እንደሄደ፣ እናትየው የሄሮይን ሱሰኛ እንደሆነች ተነገረው። ልጁ ምን ይወዳል፣ ተሰጥኦው ምንድን ነው፣ ተስፋ የሚያደርገው ነገር አለወይ ብሎ ቀጠለ። በማግሥቱ ከሥራ መሰናበቱ በስልክ ተነገረው።

ይህን ታሪክ የተናገረው በ2018 ሃዋርድ ተመልሶ ለተመራቂዎች ንግግር ሲያደርግ ነው። ያን ጊዜ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ሰው ነበር፤ ተመራቂዎቹም የድል ታሪክ የጠበቁ ይመስለኛል። እሱ ግን የመረጠላቸው ከሥራ የተባረረበትን ቀን ነበር። ከዚያ በኋላ አስቸጋሪ ተብሎ ስሙ እንደተያዘ፣ ወኪሎቹም ሌላ የካሜራ ሥራ እስኪገኝ ጊዜ ሊወስድ እንደሚችል እንደነገሩት አልሸሸገም። እሱ በተባረረበት ቦታ የተተካው ገና ታዳጊ የነበረው ማይክል ቢ. ጆርዳን ነው፤ ከ15 ዓመት በኋላ «ብላክ ፓንተር» ላይ ዙፋኑን ሊነጥቀው የሚመጣውን ኪልሞንገርን ሆኖ ፊት ለፊት የገጠመው ያው ልጅ ነው። ቻድዊክ በንግግሩ፣ ያነሣቸው ጥያቄዎች ከእሱ በኋላ ለገባው ተዋናይ ምናልባት መንገድ ጠርገውለት ይሆናል ብሏል። ራሱ ሥራውን አጥቶበታል፤ ጥቅሙ የደረሰው ለሌላ ሰው ነው፤ እሱም የጠቀሰው ያለ ቁጭት ነበር።

ከዚህ በኋላ አሥር ዓመት ያህል በአብዛኛው በቴሌቪዥን ሲሠራ ቆይቶ በ2013 «42» በተባለው ፊልም ጃኪ ሮቢንሰንን ሆኖ ብቅ አለ። ሮቢንሰን በ1947 ከብሩክሊን ዶጀርስ ጋር ሜዳ የገባ፣ በዘመናዊው ዋና የቤዝቦል ሊግ ጥቁሮችን ያገለለውን የቀለም ድንበር የሰበረ ተጫዋች ነው። ቤዝቦል ለእኛ ሩቅ ጨዋታ ስለሆነ ፊልሙን ብዙዎቻችን አላየነውም፤ ግን ለትወናው ሲባል ሊታይ ይገባዋል። ሮቢንሰን ለሚወርድበት ስድብ አጸፋ ላለመመለስ ቃል የገባ ሰው ነው። የቻድዊክ ችሎታ የታየው ይህን ዝምታ ባዶ አድርጎ ባለመጫወቱ ነው፤ መንጋጋው ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ዱላውን ጨብጦ በሚቆምበት ሁኔታ የታመቀው ቁጣ ሁሉ ይታያል። በቀጣዩ ዓመት «ጌት ኦን አፕ» ላይ ዘፋኙን ጄምስ ብራውንን ሲሆን ደግሞ ያው ሰው መድረክ ላይ የሚንቀለቀል እሳት ሆነ፤ ጭፈራውን ራሱ ነው የጨፈረው። በ2017 ደግሞ የሃዋርድ የሕግ ምሩቅና በኋላ የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑትን ተርጉድ ማርሻልን ተጫወተ። የሦስት ታላላቅ ሰዎችን ሕይወት ተከታትሎ መጫወት አደገኛ ነው፤ ሐውልት ማስመሰል ይመጣል። እሱን ከዚህ ያዳነው ሦስቱንም ገና ስማቸው ሳይገንን በነበሩበት ዕድሜ እንደ አንድ የእናት ልጅ አድርጎ ማሰቡ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የፊልም ስቱዲዮው ማርቭል ለንጉሥ ቲቻላ ሲመርጠው መጀመሪያ የገጠመው ክርክር ስለ አነጋገር ነበር። ቲቻላ የዋካንዳ ንጉሥ ነው፤ ዋካንዳ ደግሞ ቅኝ ያልተገዛች የአፍሪካ አገር ሆና የተፈጠረች ናት። ስቱዲዮው ውስጥ ተመልካች አፍሪካዊ ዘዬ ያለውን እንግሊዝኛ ፊልሙ እስኪያልቅ ሊሰማ አይችልም የሚል ስጋት ነበረ፤ እንደ እንግሊዝ ወይም እንደ አሜሪካ ሰው እንዲናገርም ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ቻድዊክ አሻፈረኝ አለ። ክርክሩ ቀላልና የማይመለስ ነበር፤ አገሩ ቅኝ ካልተገዛ ንጉሡ የቅኝ ገዢውን አነጋገር ከየት ያመጣዋል? ይህን መተው ሥራውን ከመተው እንደማይለይ እንዳሰበ በተለያዩ ቃለ መጠይቆች ተናግሯል። በ2016 በወጣው «ካፕቴን አሜሪካ፦ ሲቪል ዋር» አባቱን ንጉሥ የተጫወተው ደቡብ አፍሪካዊው አንጋፋ ተዋናይ ጆን ካኒ ቋንቋው ኮሳ ስለነበር፣ ቻድዊክ የኮሳውን ንግግር በቀረጻው ዕለት ተምሮ ከእሱ ጋር በዚያው ቋንቋ ተነጋገረ። የ«ብላክ ፓንተር» ዳይሬክተር ራያን ኩግለር በኋላ ሲናገር፣ ያን ትዕይንት ገና ሳይለቀቅ አይቶ የራሱን ፊልም ለመሥራት የቆረጠው በዚያ ምክንያት ጭምር እንደነበር ገልጿል። የመላው ዋካንዳ አነጋገር የተመሠረተው በአንድ ተዋናይ እንቢታ ላይ ነው።

«ብላክ ፓንተር» በፌብሩዋሪ 2018 ሲወጣ እኔ ያየሁት ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሀገር ልብስ የለበሱ ኢትዮጵያውያን፣ ኬንቴ የደረቡ ጋናውያን፣ ከአያት እስከ የልጅ ልጅ ተሰብስበው የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ወዲያው ዋካንዳ እኛ ነን አሉ፤ አድዋን አስበው መሆኑ ግልጽ ነው። እኔ በዚህ ነገር ቆጠብ ማለት እመርጣለሁ። ዋካንዳ ከብዙ ሕዝቦች ተቀናብራ የተሠራች ምናባዊ አገር ናት፤ ብርድ ልብሷ የባሶቶ፣ ቆቧ የዙሉ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ገል ያለው ሽማግሌ የእኛን የሙርሲንና የሱሪን ሰዎች ያስታውሳል። ድርሻችንን ከሌሎች ጋር መካፈሉ ይበልጣል። ይልቅ ከአድዋ ይበልጥ የነካኝ ያ አነጋገር ነበር። በዚህ አገር ስንኖር ስልክ ላይ «ምን አልክ?» እየተባልን፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ከመግባታችን በፊት ምላሳችንን ለማለስለስ እየታገልን፣ ልጆቻችን በወላጆች ስብሰባ ላይ እንግሊዝኛችንን ሲሰሙ አንገታቸውን ሲደፉ እያየን ነው የምንኖረው። ዘዬ እንደ ጉድለት ሲቆጠር ኖሮ፣ ድንገት የፊልሙ ዋና ሰው፣ ከሁሉም የላቀ ቴክኖሎጂ ያለው አገር ንጉሥ፣ ሳያፍርና ሳይሸማቀቅ በዚያው ዘዬ ትእዛዝ ሲሰጥ መስማት ምን እንደሚያደርግ ላልደረሰበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ስቱዲዮው የፈራው ተመልካችም አልሸሸም፤ ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ሦስት ኦስካር ወሰደ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ35 ዓመት በኋላ በኤፕሪል 2018 ሲኒማ ቤት ስትከፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየችውም ይህንኑ ፊልም ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ታሞ ነበር። በ2016 ሦስተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ የአንጀት ካንሰር ተገኘበት፤ በኋላም ወደ አራተኛው ተሸጋገረ። ፊልሙን ሲያስተዋውቅ በአንድ የሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ላይ፣ በካንሰር ታመው ሊተርፉ የማይችሉ ሁለት ሕፃናት «ብላክ ፓንተር» እስኪወጣ ድረስ ለመቆየት ይታገሉ እንደነበርና ሳያዩት እንዳለፉ ሲናገር እንባው ቀደመው። ያኔ አብረውት የተቀመጡት ተዋንያን ስለ ሌሎች ልጆች የሚያለቅስ ደግ ሰው ነበር የሚታያቸው። አሁን ያን ቪዲዮ የሚያይ ሰው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። በኤፕሪል 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ለተጎዱ ማኅበረሰቦች ሐኪም ቤቶች የሚሆን የመከላከያ ቁሳቁስ ልገሳን ለማስታወቅ ራሱን ቀርጾ ሲያወጣ ሰውነቱ በጣም ከስቶ ነበር፤ ብዙዎች በመክሳቱ ተሳለቁበት፤ እሱ ግን መልስ አልሰጠም።

በእኛ ዘንድ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይህ ተረት ግን ለቻድዊክ አይሠራም፤ እሱ ከሐኪም አልደበቀም፤ ሕክምናውን እየተከታተለ ለሕዝብ ብቻ አልተናገረም። እናቱ ሰው እንዲጨነቅለት እንዳይሻ እንዳሳደጉት ወኪሉ ተናግሯል። ሁኔታውን ያልሰማው ስፓይክ ሊ «ዳ ፋይቭ ብለድስ»ን ሲሠራ በታይላንድና በቬትናም ሙቀት ውስጥ አሯሩጦታል፤ ቢያውቅ ኖሮ ያን ሁሉ እንዲሠራ እንደማይጠይቀው ተናግሯል። ቻድዊክም ይህን ሳይረዳው አልቀረም። ታማሚ ተብሎ ከታወቀ እንደ ተዋናይ ሳይሆን እንደ ታማሚ ይታይ ነበር፤ የሚሰጠው ገጸ ባሕርይ ይቀልለት፣ የሚጻፍለትም ምስጋና የአዘኔታ ይሆን ነበር። ስለዚህ ዝምታው ትክክል ነበር ብዬ አስባለሁ።

የእኛ መደበቅ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚህ ላይ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ብዙዎቻችን የምንደብቀው ከሐኪሙም፣ ከገዛ ልጆቻችንም ነው። በአሜሪካ የካንሰር ማኅበር መረጃ መሠረት በዚህ አገር ጥቁሮች በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከአብዛኛው ሌላ ሕዝብ 20 በመቶ ያህል፣ በዚሁ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ 40 በመቶ ያህል ይበልጣል። የምርመራው መነሻ ዕድሜ ከ50 ወደ 45 ዝቅ እንዲል የአገሪቱ ብሔራዊ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል የመከረው በሜይ 2021 ነው፤ ቻድዊክ ካረፈ ዓመት ሳይሞላው። እሱ ግን ሲታወቅበት 40 ዓመት ገደማ ስለነበር አዲሱም መመሪያ አይደርስለትም ነበር። ለዚህ ነው ዕድሜን ብቻ ሳይሆን ምልክትን ማየት የሚያስፈልገው፦ ሰገራ ላይ ደም ማየት፣ ለሳምንታት የዘለቀ የሆድ ልማድ ለውጥ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ መነሻው ያልታወቀ የደም ማነስ። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት በዚህ በሽታ የተያዘበት ሰው ደግሞ ምርመራውን ከ45 ዓመቱ በፊት መጀመር አለበት። እነዚህ ነገሮች በቤታችን በአማርኛ ሲነገሩ የሚሰሙት እምብዛም ነው፤ ነውር ሆነው ይታለፋሉ።

የመጨረሻ የፊልም ሥራው «ማ ሬይኒስ ብላክ ቦተም» በ2019 ክረምት ፒትስበርግ ውስጥ ተቀርጾ እሱ ካረፈ በኋላ በዲሴምበር 2020 ወጣ። ከኦገስት ዊልሰን ተውኔት የተሠራና ዴንዘል ዋሽንግተን ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆነበት ፊልም ነው። ቻድዊክ የተጫወተው ሌቪ የተባለ ወጣት ጥሩንባ ነፊን ሲሆን፣ ታሪኩ በ1927 በቺካጎ የሙዚቃ ቀረጻ ክፍል ውስጥ ይፈጸማል። ይህን ሥራ ከሁሉም በላይ አስቀምጠዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ያየነው ቻድዊክ ራሱን የገዛ፣ የተከበረ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ነበር። ሌቪ ግን ለፍላፊ፣ በአዲስ ጫማው የሚመጻደቅ፣ ቁስሉን በሳቅ የሚሸፍን ልጅ ነው፤ በልጅነቱ እናቱ ላይ የደረሰውን ግፍ ሲተርክና በሌላ ትዕይንት እግዚአብሔርን ለጠብ ሲጠራ ድምፁ ከጉሮሮው ሳይሆን ከሆነ ጥልቅ ቦታ የሚወጣ ይመስላል። መጨረሻው መራራ ነው። ያ ሁሉ ተስፋ ያደረገበት ዘፈኑ በርካሽ ይገዛና በነጮች ባንድ ይቀረጻል። የገዛ ድምፁን ላለመልቀቅ ሥራ ያጣው ቻድዊክ፣ ድምፁ የተነጠቀበትን ሰው በመጨረሻው ሰዓቱ እንዲህ አድርጎ መጫወቱ እንደ አጋጣሚ ብቻ አይታየኝም፤ ሌቪ ቻድዊክ በ«ኦል ማይ ቺልድረን» ሁለተኛ ጽሑፍ ላይ የጠየቀለት ልጅ ነው፤ አባት፣ እናት፣ ተሰጥኦና ተስፋ ኖሮት የተጻፈው። በ2021 ጎልደን ግሎብ ተሸለመበት፤ ኦስካሩ ለአንተኒ ሆፕኪንስ ሄደ፤ በዚህ ብዙዎች ተቆጥተዋል፤ የሥራውን ክብደት ግን አያጎድለውም።

ማርቭል ቲቻላን በሌላ ተዋናይ ላለመተካት ወሰነ፤ በ2022 የወጣው ተከታይ ፊልም ንጉሡን ቀብሮ ጀመረ። ለሐዘንተኞቹ ባልደረቦቹ ያን ጊዜ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ሆኖም ይተካ ብለው ከጠየቁት ተመልካቾች ጎን እቆማለሁ። እሱ ራሱ የተባረረበት ቦታ ለሌላ ወጣት ጥሩ ሆኖ እንዲቆይ የተመኘ ሰው ነው፤ በእሱ ስም አንድ ንጉሥ ለዘለዓለም ዝም እንዲል የሚፈልግ አይመስለኝም።

ሃዋርድ ላይ የሆነው ግን ያለ አንዳች ማመንታት ደስ ይለኛል። ተማሪ ሳለ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበባት ኮሌጁን ከሌላ ኮሌጅ ጋር ሊቀላቅለው ሲነሣ ከተቃወሙት ተማሪዎች አንዱ ቻድዊክ ነበር፤ ተቃውሞው ሳይሰማ ቀርቶ ኮሌጁ ተቀላቀለ። በሜይ 2021 ኮሌጁ ዳግም ራሱን ችሎ ሲቋቋም የቻድዊክ ኤ. ቦዝማን የሥነ ጥበባት ኮሌጅ ተባለ። ዲን ሆና የተሾመችው ፊሊሺያ ራሻድ ነበረች። ኔትፍሊክስ በሰጠው 5.4 ሚሊዮን ዶላር በስሙ የተቋቋመው የነፃ ትምህርት ዕድል ለተመረጡ ተማሪዎች የአራት ዓመት ሙሉ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፤ ከእነሱም መካከል እንደ እሱ ጽሑፍ ሲሰጣቸው መጀመሪያ የሚጠይቁ ይገኛሉ።